ጎንደር ላይ ቤት ለመግዛት፦ ከማራኪ እስከ ጎርጎራ ጣና ዳር

ሐሙስ ከሰዓት ደላላው ደወለልኝ። "ማራኪ ሰፈር ያየሽው ቤት ሊያመልጥሽ ነው፤ ሌላ ሰው ዛሬ ማታ ቀብድ ሊያስይዝ ነው፤ 200 ሺህ ብር ይዘሽ ድረሽ" አለኝ። ቤቱን ወድጄዋለሁ። ግቢው ውስጥ ሁለት የሎሚ ዛፍ አለ፣ ሰርቪሱም ለብቻው በር አለው። ብሩን ከባንክ ላወጣ ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝ። "ልጄ፣ ቤት እግር የለው የት ይሄዳል? መጀመሪያ ፋይሉን እንይ" አለች። ሰኞ ጠዋት ሻጩን ይዘን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ባለሙያው ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገና አንድ ደብዳቤ ላይ ሲደርስ ቆመ። የፍርድ ቤት እገዳ ነበር። የሻጩ እህቶች የውርስ ክስ መስርተዋል። ሻጩ "እሱ እኮ ያለቀ ጉዳይ ነው" አለ፤ ደብዳቤው ግን እዚያው ነበር።

ብሩን ሐሙስ ዕለት ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ፍርድ ቤት እመላለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ፈልጌ ቤት ገዛሁ። በዚያ ስምንት ወር ያየሁትንና የጠየቅሁትን ሁሉ እዚህ አስቀምጣለሁ። አሁን ጎንደር ላይ ደህና ቤት ሲወጣ ገዢው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ይጎትታል፣ ደላላውም ያጣድፋል። በዚህ ጥድፊያ መሀል እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው፦ ብር የሚከፈለው ወረቀቱና መሬቱ ከታዩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ብሩን ቁጠሩ

ቤት ከማየታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ብዙ ሰው የቤቱን ዋጋ ብቻ ይቆጥርና መጨረሻ ላይ ይቸገራል። ቤቱ 5 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። በፌዴራሉ የቴምብር ቀረጥ አዋጅ የባለቤትነት ሰነድ ሲዛወር ከዋጋው 2 በመቶ ይከፈላል፤ ይህ ብቻውን 100 ሺህ ብር ነው። ደላላው 2 በመቶ ካለ ሌላ 100 ሺህ ነው። የደላላ ክፍያ ድርድር ነው፤ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ካያችሁት በኋላ አቅም የላችሁም። ከዚያ የስም ማዛወሪያ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ ሻጩ ያልከፈለው የሊዝ ውዝፍ ሊኖር ይችላል፣ የመብራትና የውሃ ዕዳ ሊኖር ይችላል፣ የጣሪያና የቧንቧ ጥገናም አለ። እኔ ከቤቱ ዋጋ ላይ አንድ አስረኛ ለብቻው አስቀምጬ ነበር፣ ሊበቃኝ ትንሽ ቀረው።

ሻጩ በሽያጩ ባተረፈው ላይ የሚከፍለው ግብርም አለ። በሕጉ የሻጩ ነው። ግን ገበያው ሲሞቅ ሻጮች "እኔ ንጹህ በእጄ ይህን ያህል ነው የምፈልገው" ይላሉ፣ ያ ማለት ግብሩን ወደ እናንተ ገፍተውታል ማለት ነው። ዋጋ ስትነጋገሩ "ግብሩ የማን ነው?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

የባንክ ብድር ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባንኩ የሚያበድረው በራሱ መሐንዲስ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። መሐንዲሱ ደግሞ በዋናነት የሚገምተው ግንባታውን ነው፤ ማራኪ ሰፈር መሆኑን፣ ለዩኒቨርሲቲው መቅረቡን ገበያው በሚያየው ዓይን አያየውም። ስለዚህ 5 ሚሊዮን የሚጠራው ቤት በባንኩ ግምት ከዚያ በጣም ዝቅ ሊል ይችላል። ልዩነቱ የሚሞላው ከኪሳችሁ ነው፣ ወይ ከእቁብ፣ ወይ ከቤተሰብ። ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ባንኩ ሄዳችሁ ስንት እንደምትችሉ በወረቀት አስይዙ። ያ ወረቀት ሻጭ ፊትም ያስከብራል።

በመጨረሻ አንድ ቁጥር ጻፉ፦ ከዚህ በላይ አልከፍልም የምትሉትን። ጽፋችሁ ለምታምኑት ሰው ስጡ። የኔን አክስቴ ነበር የያዘችው። ሁለት ጊዜ ላልፈው ስል አስታውሳኛለች።

ከዚያ ሰፈሩን

ማራኪ ለምን ውድ እንደሆነ ግልጽ ነው። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ተከራይ አይጠፋም፣ ሰርቪስ ያለው ቤት ከሆነ ኪራዩ ብድሩን ይደግፋል። ስለዚህ ፉክክሩ የበረታ ነው።

አዘዞ ሜዳ ነው፣ ወደ አየር ማረፊያው መንገድ ላይ ነው፣ ከተማውም ወደዚያ እየሰፋ ነው። ቦታው ሰፋ ያለ ይገኛል። ግን ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ ሜዳው ስትወርዱ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ይመጣል፣ እሱን ከታች በደንብ እናየዋለን።

ፒያሳና በፋሲል ግቢ ዙሪያ ያለው አሮጌ ቤት ልብ ይሰርቃል። የጣሊያን ጊዜ መስኮት፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ ሁሉ ነገር በእግር። ግን ቅርስ አጠገብ ነው የምትገዙት። ማፍረስ፣ ፎቅ መጨመር፣ ግድግዳ መቀየር እንደልብ አይሆንም። "ገዝቼ ጂ ፕላስ ቱ እሠራለሁ" የሚል ሰው እዚያ ባይገዛ ይሻለዋል። ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የት የት እንደሚያልፍ ከማዘጋጃ ቤት ፕላን ላይ ሳታዩ መንገድ ዳር ያለ ቤት አትግዙ።

ስለ ውሃ ደግሞ ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው፣ ከተማዋም አድጋበታለች። አንዱ ሰፈር በሳምንት የሚያገኘውን ሌላው በሁለት ሳምንት አያገኝም። ሻጩን አትጠይቁ፤ ጎረቤት ያለችውን እናት ጠይቁ። "እማማ፣ ውሃ በስንት ቀን ይመጣል? ሌሊት ነው ቀን?" በሏቸው። እውነቱን ይነግሯችኋል። ጣሪያ ላይ ስንት ሮቶ እንዳለም ቁጠሩ፣ በአንድ ግቢ ሦስት ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ጎርጎራና ጣና ዳር ለምታስቡ

ይህን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አዘዞ ላይ ታጥፋችሁ፣ ቆላ ድባን አልፋችሁ፣ ጯሂትን አልፋችሁ ነው የምትደርሱት። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት ከመጣ ወዲህ ስሟ ከፍ ብሏል፣ ውጭ ያለው ወገናችንም ጣና ዳር አንድ ጎጆ ይመኛል። ምኞቱ ይገባኛል። ማታ ደብረ ሲና ማርያም አጠገብ ቆሞ ታንኳዎቹ ሲመለሱ ያየ ሰው እዚያ መቅረት ይፈልጋል። ለመሄድ ስታስቡ ግን መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ።

ጣና በስፋቱ ትልቅ ነው፣ በጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጎርጎራ ያለችበት የደንቢያ ዳርቻ ደግሞ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ስለዚህ ውሃው ትንሽ ከፍ ሲል በሜዳው ላይ ሩቅ ይሄዳል፣ ትንሽ ዝቅ ሲል ሩቅ ይሸሻል። የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ የሚሸሸው በግንቦትና በሰኔ መግቢያ። ውሃው ሲሸሽ የሚወጣውን መሬት የአካባቢው ሰው ባህር ሸሽ ይለዋል፣ ይዘራበታል። በግንቦት መጥቶ ባህር ሸሽ ላይ ቆሞ "ውሃ ዳር ቦታ አገኘሁ" የሚል ገዢ በመስከረም ቦታውን ውሃ ውስጥ ያገኘዋል። እኔ አንድ ቦታ ለማየት ሄጄ ያገኘሁት ዓሣ አጥማጅ አጥሩ ላይ ያለውን እንጨት አሳየኝ። ከጉልበቴ በታች ጠቁሯል፣ ከላይ ነጭ ነው። "አያ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። "የአምና ውሃ ነዋ" አለኝ። ለዚህ ነው ጣና ዳር ያለ ቤት ቢያንስ አንድ ጊዜ መስከረም ላይ መታየት ያለበት። አጥሩን፣ የዛፉን ግንድ፣ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል እዩ፤ የውሃ ምልክት አይጠፋም። የመገጭ ወንዝ ሲሞላም ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ስለ እሱም ጠይቁ።

ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው አረም፣ እምቦጭም አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ዳርቻ በደንቢያ በኩል ሲታይ ቆይቷል። በሚበረታበት ወቅት ከበረንዳችሁ የምታዩት ውሃ ሳይሆን አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፣ ታንኳም አያሳልፍም። የወባ ትንኝም አለ፤ በተለይ ከክረምቱ መውጫ እስከ ኅዳር። የመስኮት ወንፊትና አጎበር ከወጪው ውስጥ ደምሩ።

ሌላው ትልቁ ነገር ሕጉ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የውሃው ዳርቻ ለጥበቃ የሚተው ክፍል አለው። የምትገዙት ቤት ከዚያ ውስጥ አለመሆኑን በቃል ሳይሆን በከተማው ፕላን ላይ በጣት አስጠቁማችሁ እዩ።

ከሁሉም የሚብሰው የገበሬ መሬት ነው። "አረንጓዴ ደብተር (የገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር) አለው፣ ውል እንጽፋለን፣ በኋላ ከተማ ሲገባ ካርታ ይወጣል" ይሏችኋል። አትግዙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ከተማ ውስጥም ቢሆን የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። የገበሬ ማሳ ላይ የምትጽፉት ውል ፍርድ ቤት ስትሄዱ አያቆማችሁም፣ ገበሬውም መሬቱን ያጣል፣ እናንተም ብሩን።

ቤቱን ሦስት ጊዜ እዩ

አንድ ጊዜ ቀን፣ አንድ ጊዜ ማታ፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ሲዘንብ ወይም በማግስቱ። ማታ ሰፈሩን፣ ድምፁንና መብራቱን ታዩበታላችሁ፤ ዝናብ ጣሪያውንና የግቢውን ፍሳሽ ያሳያችኋል። ክረምቱ ካለፈ ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ፣ ቡናማ ክብ ምልክት ካለ ጣሪያው ያፈሳል። አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ክፍል ብቻ ካለ "ለምን ይሄ ብቻ?" በሉ።

ዋልካውን አሁን እንየው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱን በየዓመቱ ያነሳዋል ይጥለዋል። መሠረቱ ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ ጠንካራ አፈር ላይ ካልደረሰ ግድግዳው ይናገራል። መስኮትና በር ማዕዘን ላይ እዩ። ቀጥ ያለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ነው። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚሄድ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ከሆነ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። በሩን ክፈቱ ዝጉ፤ ከታች ከያዘ ወይም ከላይ ክፍተት ከፈጠረ ያው ነው። ስንጥቁ ተለስኖ ከሆነ እጃችሁን አሳልፉበት፣ እብጠቱ ይታወቃል። ለአንድ የግንባታ መሐንዲስ ወይም ለልምድ ያለው ግንበኛ የአንድ ቀን ዋጋ ከፍላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። እኔ በዚህ ምክንያት አዘዞ ላይ ያየሁትን አንድ የሚያምር ቤት ተውኩ። ሳሎኑ በጣም ደስ ይል ነበር፣ ግን ከሶፋው ጀርባ ያለው ስንጥቅ ጣቴን አስገባ።

ወረቀቱ

ይህ ክፍል አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ሰው ቤቱን የሚያጣው እዚህ ነው።

ካርታውን ኮፒ ሳይሆን ዋናውን እዩ። የባለቤቱ ስም፣ የካሬው ስፋት፣ ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ የተያዘ የቆየ ቦታ) ነው ወይስ ሊዝ የሚለውን አንብቡ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ። ካርታው 200 ካሬ ብሎ ግቢው 260 ካሬ ከሆነ፣ 60ው ካሬ ከመንገድ ወይም ከጎረቤት የተገፋ ነው፤ አትክፈሉበት። ከሰሜን ከደቡብ እነማን እንደሚያዋስኑም ከካርታው ጋር አስተያዩ።

ቀጥሎ ፋይሉ። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ካልመጣ ፋይል አያሳዩም። ስለዚህ ሻጩን "አብረን እንሂድ" በሉት። የማይመጣ ከሆነ ቤቱን ተዉት። ፋይሉ ላይ የምትፈልጉት የባንክ ዋስትና፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ የሊዝ ውዝፍና የግንባታ ፈቃድ ነው። በኋላ የተጨመረው ሰርቪስ ፈቃድ ከሌለው ስም ሲዛወር ጣጣ ያመጣል።

ነባር ይዞታ ስትገዙ ይህን እወቁ፦ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እንደሚለው ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ለመኖሪያ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ሻጩ "እኔ ሊዝ ከፍዬ አላውቅም" ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ እናንተ ግን ትከፍላላችሁ። በዓመት ስንት እንደሚሆን ከመግዛታችሁ በፊት አስሉት። የሊዝ ባዶ ቦታ ወይም ግማሽ ያልደረሰ ግንባታ ደግሞ ለብቻው ጥብቅ ደንብ አለው፤ የዋጋው ጭማሪ አብዛኛው ለሻጩ አይቀርም። ለዚህ ነው ሰዎች ውክልናና ብድር አስመስለው የሚሸጡት። ያ ወረቀት ነገ አይጠብቃችሁም።

ጨረቃ ቤት (ያለ ፈቃድ የተሠራ) እና ሰነድ አልባ ቤት ርካሽ ነው። ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው።

የሚሸጠው ማን ነው?

ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርማሉ። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ንብረት ሊሆን ይችላል፣ ሚስት ሳትፈርም የተሸጠ ቤት ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ያላገባ ነኝ ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

የውርስ ቤት ከሆነ ሁሉንም ወራሾች ቁጠሩ። ጎንደር ላይ ከወንድማማቾቹ አንዱ እስራኤል፣ አንዷ አሜሪካ መሆናቸው የተለመደ ነው። የውጭው "ይሸጥ" ማለቱን በስልክ መስማት አይበቃም፣ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናውም "ቤት ለመሸጥ" ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ "ጉዳዬን ሁሉ ይከታተል" የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ልዩ ውክልና ነው የሚጠይቀው። ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ያበቃል። እኔ ባለቤትየዋን በቪዲዮ ደውዬ አየኋቸው። "እትዬ፣ ቤቱን ለመሸጥ ፈቅደዋል?" አልኳቸው። "አዎ ልጄ፣ በደስታ ኑሪበት" አሉኝ። ከውክልናው ወረቀት በላይ ያቺ ደቂቃ አሳረፈችኝ።

ፉክክሩን እንዴት ታሸንፋላችሁ?

ዋጋ በመጨመር ብቻ አይደለም። ሻጭ የሚፈራው ገዢው መሀል ላይ ይቀራል ብሎ ነው። ስለዚህ ዝግጁ ሁኑ። የባንክ ወረቀታችሁ ይኑር፣ መታወቂያችሁ ይታደስ፣ ባለትዳር ከሆናችሁ ሁለታችሁም ከተማ ውስጥ ሁኑ። "ፋይሉን ዛሬ እንይ፣ ንጹህ ከሆነ በሦስት ቀን ውል እንፈርማለን" የሚል ገዢ ትንሽ ጨምሮ "ከወር በኋላ" ከሚለው ይመረጣል። የኔን ቤት ያገኘሁት እንዲህ ነው። ሌላው ገዢ 100 ሺህ ብር ጨምሮ ነበር።

አንድን ቤት ለሦስት ደላላ አትጠይቁ። ሦስቱም ሻጩ ጋ ሲሄዱ ገዢው ሦስት ይመስለዋል፣ ዋጋውን የምታንሩት እናንተው ናችሁ። ዋጋ ስትደራደሩ ደግሞ "ውድ ነው" አትበሉ። ያገኛችሁትን ስንጥቅ፣ የሮቶውን ዕጦት፣ የሊዙን ክፍያ አንድ በአንድ ቁጠሩለት።

ቀብድና ውል

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ከቀረ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጩ ከቀረ እጥፉን ይመልሳል። ገበያው ሲሞቅ ሻጭ ከእጥፉ በላይ የሚከፍል ገዢ ሊያገኝ ይችላል፣ ስለዚህ በጣም ያነሰ ቀብድ አያስርም፣ በጣም የበዛም እናንተን ያስፈራል። ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን፣ በምስክር ይሁን፣ በባንክ ይተላለፍ። "እገዳ ወይም ዕዳ ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል" የሚል መስመር አስገቡ።

ዋናው ውል በጽሑፍ ሆኖ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። የሰፈር ውል፣ ሦስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት፣ ለማይንቀሳቀስ ንብረት አይበቃም። ቀረጥ ለመቀነስ ተብሎ በውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ ተደርጎ ይጻፍ ሲባልም እምቢ በሉ። ክርክር ቢነሳ የምትጠይቁት ውሉ ላይ ያለውን ነው። 5 ሚሊዮን ከፍላችሁ 2 ሚሊዮን ከተጻፈ 3ቱን በምን ታስረዳላችሁ?

ክፍያው በሲፒኦ (ባንኩ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። ሁሉንም በአንድ ቀን አትስጡ፤ የተወሰነውን ስሙ ሲዛወር የሚከፈል ብላችሁ በውሉ አስገቡ። እኔ አንድ አምስተኛውን ያዝኩ። ሻጯ ቅር ብሏቸው ነበር፣ ግን የውሃ ውዝፉ ሲወጣ ከዚያው ቀነስነው።

ከቁልፉ በኋላ

ስም ማዛወሩን ነገ ዛሬ አትበሉ። ካርታው በስማችሁ እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ ሂዱ፣ የባለሙያውን ስምና የደብዳቤውን ቁጥር ያዙ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ቁልፍ በምትረከቡበት ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቆጣሪውንም በስማችሁ አዛውሩ። የውጭ በሩን ቁልፍ በዚያው ቀን ቀይሩ።

ከዚያ ጎረቤት ዙሩ። እኔ በመጀመሪያው እሑድ ቡና አፍልቼ የግራና የቀኙን ጠራሁ፣ የእድሩ ዳኛም መጡና ስሜን መዝገቡ ላይ አሰፈሩት። ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት እንደሆነ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው።